ጣሪያዋን አውልቃ የምትሄድ መኪና

ባለፈው ክረምት መግቢያ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የፍሬን ሸራ ላስቀይር ነው የሄድኩት። ተራዬን ስጠብቅ ሁለት ወጣቶች አሮጌ ላዳ እየነዱ ገቡ። ጓደኛቸው ሊያገባ ነው። ሙሽሮቹ መኪናዋ ውስጥ ቆመው፣ ነፋስ እየመታቸው፣ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዙ ደሴ እንዲገቡ ፈልገዋል። ቦዲ ሠሪውን «ጋሼ፣ ጣሪያዋን ቆርጠው ያንሱልን፤ ከሠርጉ በኋላ መልሰው ይበይዱልናል» አሏቸው።

ጋሼ አልተቆጡም። ከኮታቸው ኪስ ክብሪት አወጡ። እንጨቶቹን መዳፋቸው ላይ ገለበጡና ባዶውን መሳቢያ ለአንደኛው ልጅ ሰጡት። «ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ጠምዝዘው» አሉት። ያለ ምንም ጉልበት ተጠመዘዘ። «አሁን ቀፎው ውስጥ ክተትና ድገመው።» እምቢ አለው። «ቀፎው የመኪናህ ጣሪያ ነው» አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

እኔ ጣሪያቸው ተነቅሎ የሚነሳ የድሮ መኪኖችን የምወድ ሰው ነኝ። ብዙዎቹን በአካል አላየኋቸውም። ደሴ ላይ እንኳን እነሱ፣ ተራ የሸራ ጣሪያ ያለው መኪናም ብርቅ ነው። ግን ለዓመታት ፎቷቸውን ሳገላብጥ፣ አሠራራቸውን ሳነብ ኖሬያለሁ። ያቺ ክብሪት ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ደቂቃ አሳየችኝ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። የመኪኖቹን ዓመተ ምሕረት የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጣሪያ ክዳን ብቻ አይደለም

የቤት ጣሪያ ክዳን ነው። ቆርቆሮው ቢነሳ ግድግዳው ባለበት ይቆማል። የመኪና ጣሪያ ሌላ ነው።

የጭነት መኪና ከሥሩ ወፍራም ሻንሲ አለው። ጋቢናውን ብታወልቁት ሻንሲው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። የቤት መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ሳጥን መሳይ ላሜራዎች፣ መስታወቶቹን የያዙት ምሰሶዎችና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ነው መኪናውን የሚሸከሙት። ላዳም እንደዚያ ናት። እናቷ ፊያት 124ም እንደዚያ ነበረች።

አሁን አንድ ጉድጓድ አስቡ። የፊት ግራው ጎማ ጉድጓድ ገባ። የኋላ ቀኙ ከፍ ብሎ ቀረ። መኪናው በዚያች ቅጽበት እንደሚጨመቅ ልብስ መጠምዘዝ ይፈልጋል። «አይሆንም» ብለው ከሚይዙት ዋነኛው ጣሪያው ነው። እሱ ከሌለ ጥምዘዛው በሙሉ ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ በሩ አልዘጋ ይላል። ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ከጥጉ ይሰነጠቃል። እየቆየ ብየዳው መላቀቅ ይጀምራል።

ልጆቹ «መልሰው ይበይዱልናል» ያሉትን ጋሼ በኋላ ለብቻችን ስንሆን አነሱት። «አንዴ ከተዛነፈች በኋላ ጣሪያዋን ብትበይደው፣ የምታጸናው መዛነፉን ነው» አሉኝ። ይህን አባባል የትም አላነበብኩትም። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያም አላውቅም።

ፋብሪካዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጣሪያ የሌለው መኪና ሲሠሩ ከላይ የቀነሱትን ከሥር ይጨምራሉ። ከበሮቹ ሥር ያለውን ሳጥን ያወፍሩታል። ወለሉን በተጨማሪ ብረት ይወጥሩታል። የፊት መስታወቱን ፍሬም ያጠነክሩታል። ውጤቱ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ጣሪያ አልባው መኪና ጣሪያ ካለው ወንድሙ ብዙ ጊዜ ይከብዳል።

አንዳንድ መሐንዲሶች ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። ጣሪያውን ሁሉ ማንሳት ለምን አስፈለገ? ሰው ሰማይ ማየት የሚፈልገው ከራሱ በላይ ነው። እዚያ ያለችውን ቁራጭ ብቻ ተነቃይ ብናደርጋትስ? ከኋላ ያለው ቅስት ይቅር። የኋላ መስታወቱም ይቅር። የዚህ ጽሑፍ መኪኖች ከዚህ ጥያቄ የተወለዱ ናቸው።

ታርጋ

የዚህ ዓይነት ጣሪያ ዓለም ላይ የሚታወቅበት ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ታርጋ ይባላል። እኛ ታርጋ ስንል ትራፊክ ፖሊስ የሚፈታብንን ሰሌዳ ነው። ፈረንጅ የመኪና ወዳጅ ታርጋ ሲል ጣሪያ ነው። ቃሉ ግን አንድ ነው። እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ጎሚኒ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በጣሊያንኛ ሰሌዳ ማለት ነው፤ ጋሻንም ያመለክታል።

ሰሌዳው ጣሪያ ላይ እንዴት ወጣ? ነገሩ ወደ ሲሲሊ ደሴት ይወስደናል። በ1906 ቪንቼንዞ ፍሎሪዮ የሚባል ሀብታም የሲሲሊ ሰው በተራራ መንገድ ላይ የመኪና ውድድር ጀመረ። የሽልማቱ ሰሌዳ የውድድሩ ስም ሆነ፤ ታርጋ ፍሎሪዮ። መኪኖቹ ለውድድር በተሠራ ሜዳ ላይ አልነበረም የሚሮጡት። መንደር ለመንደር፣ ገደል ለገደል በሚሄድ ተራ መንገድ ነበር። ለረጅም ዓመታት የተሮጠበት ዙር 72 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐረጎን 72 ኪሎ ሜትር አድርጋችሁ አስቡትና፣ እሱን ደጋግማችሁ እየዞራችሁ በሙሉ ፍጥነት። የጀርመኑ ፖርሼ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ አሸንፏል። በኋላ አዲስ ዓይነት ጣሪያ ሲያወጣ ስም የወሰደው ከዚያ ድል ነው።

ፖርሼ 911 ታርጋ በመስከረም 1965 ፍራንክፈርት ላይ ታየች። ለገበያ የቀረበችው እንደ 1967 ሞዴል ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ሰፊ ቅስት ቆሟል። ቅስቱ በማይዝግ ብረት ተለብጧል፤ ፎቶዎቹ ላይ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ከቅስቱ እስከ ፊት መስታወቱ ያለው ጣሪያ ይነቀላል፣ ይታጠፋል፣ ፊት ያለው ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል። የ911 ሞተር ከኋላ ስለሆነ ሻንጣ የሚገባው ከፊት ነው።

በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ከቅስቱ ኋላ መስታወት አልነበረም። በዚፕ የሚከፈት ለስላሳ ፕላስቲክ ነበር። ጣሪያውንና ፕላስቲኩን እያፈራረቁ መኪናውን በ4 ዓይነት መንገድ መክፈትና መዝጋት ይቻላል። ፕላስቲኩ ግን ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ነፋስ ያስገባል። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የመስታወት አማራጭ መጣ። ከዚያ ፕላስቲኩ ጨርሶ ቀረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ያንኑ የሚያስቸግረውን ባለ ዚፑን ነው። ጥቂት ዓመት ብቻ ስለተሠራ ነው።

ፖርሼ ሙሉ ጣሪያውን ለምን አላነሳም ነበር? አንዱ ምክንያት አሜሪካ ናት። በ1960ዎቹ አጋማሽ እዚያ ስለ መኪና ደኅንነት ትልቅ ክርክር ነበር። በ1966 የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጣ። አምራቾች ቀጣዩ ሕግ ጣሪያ አልባ መኪናን ጨርሶ ይከለክላል ብለው ሠጉ። መኪናው ቢገለበጥ የተሳፋሪውን ራስ የሚጠብቅ ነገር የለማ። የፖርሼ ቅስት ለዚያ ሥጋት የተሰጠ መልስ ነበር። የተፈራው ክልከላ አልመጣም። ቅስቱ ግን ቀረ። ፖርሼም 911ን ሙሉ በሙሉ ክፍት አድርጎ ለገበያ ያቀረበው 1980ዎቹ ከገቡ በኋላ ነው።

ከፖርሼ የቀደሙት

ስሙን ፖርሼ ሰጠው እንጂ ሐሳቡ የእሱ አይደለም። ይህን ማለት ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ከቀደሙት አንዷ የቶዮታ ልጅ ናት።

ስሟ ቶዮታ ስፖርትስ 800 ነው። በ1965 ለገበያ ወጣች፤ እስከ 1969 ተሠራች። የተሠሩት 3,100 ገደማ ናቸው። ከሾፌሩ በላይ ያለችው ቁራጭ ጣሪያ ቀላል የአሉሚኒየም ክዳን ናት፤ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳታል። ሞተሯ ባለ 2 ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 790 ሲሲ ነው። ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ይህ ለመኪና ትንሽ ይመስላል። መኪናዋ ግን 580 ኪሎ ብቻ ነበረች።

የሠሯት ዋና መሐንዲስ ታትሱኦ ሐሴጋዋ ናቸው። ሰውየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ። በ1962 ለትርዒት የቀረበችው ናሙና በር እንኳን አልነበራትም። የላይኛው ክዳን እንደ ተዋጊ አውሮፕላን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር የሚከፈተው። ለገበያ ስትወጣ በር ተሠራላት፤ ተንሸራታቹ ክዳንም ተነቃይ ጣሪያ ሆነ። እኚሁ ሐሴጋዋ ቀጥለው ምን ሠሩ? የ1966ቷን የመጀመሪያ ኮሮላ። ደሴ ፒያሳ ላይ የምትቆመው ዲኤክስ አያቷና ያቺ ጣሪያ የምታወልቅ ትንሽ መኪና የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። ይህን ሳውቅ ለዲኤክስ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ከቶዮታ በፊት ደግሞ እንግሊዝ አለች። በ1961 የወጣው ትሪያምፍ ቲአር 4 ሰሬይ ቶፕ የሚባል አማራጭ ነበረው። ከኋላ ቋሚ ፍሬም ከነመስታወቱ፣ ከላይ በቡሎን የሚታሰር የብረት ክዳን። አሠራሩ ታርጋ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው ያልተጠራው። ክዳኑ መኪናው ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም። ቤት ትታችሁት ነው የምትወጡት። ለመንገድ የምትይዙት ተጣጥፎ የሚቀመጥ ቀጭን ሸራ ነው። ሰሬይ የሚለው ስም መጀመሪያ የዚያ ሸራ ስም ነበር።

ከሁሉም ቀድሞ ደግሞ አሜሪካዊው ጎርደን ቢሪግ አለ። ኮርድ 810 የምትባለውን ዝነኛ መኪና የነደፈ ሰው ነው። በ1948 ታስኮ የተባለች የስፖርት መኪና ነደፈ። ከሾፌሩና ከተሳፋሪው ራስ በላይ ለየብቻ የሚነሱ ሁለት ክዳኖች ነበሯት። በ1951 የፈጠራ መብት አገኘበት። መኪናዋ ግን ከአንድ ናሙና አላለፈችም። ያቺ አንዷ ዛሬ ኦበርን፣ ኢንዲያና በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ከሁለት ክዳን መካከል ያለው ብረት

የቢሪግ ሐሳብ በኋላ ቲ ቶፕ ተባለ። ከፊት መስታወቱ መሐል ወደ ኋላ አንድ ብረት ይሄዳል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ክዳን ይነሳል። ከላይ ሲታይ ብረቱና ከኋላ ያለው ቅስት የላቲኑን ቲ ፊደል ይሠራሉ።

በዚህ ጣሪያ ስሙ የገነነው የ1968ቱ ሼቭሮሌ ኮርቬት ነው። የእሱ ታሪክ የጋሼን ክብሪት ያስታውሰኛል። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ያሰቡት አንድ ወጥ ክዳን ነበር፤ እንደ ፖርሼ። ሲሞክሩት ቦዲው ይተጣጠፋል፣ ይንቋቋል። ኮርቬት ከሥሩ የብረት ሻንሲ ያለው መኪና ነው፤ ቦዲው ፋይበር ግላስ ነው። ሻንሲ እያለውም አልበቃውም። ስለዚህ መሐል ላይ ብረት ጨመሩለት። ሰው ሁሉ ለውበት ተብሎ የተሠራ የሚመስለው ቲ፣ ለመጠምዘዝ የተሰጠ መድኃኒት ነው።

እንግሊዞቹም በ1970 ትሪያምፍ ስታግ ላይ ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ስታግ የሸራ ጣሪያ ያለው ባለ አራት መቀመጫ ነው። ከተሳፋሪዎቹ በላይ የቲ ቅርጽ ያለው ብረት አለው። ፎቶውን ስታዩ «ሸራው ካለ ይህ ምን ያደርጋል?» ብትሉ፣ መልሱ መሳቢያውና ቀፎው ነው።

በ1970ዎቹ ጣሊያኖቹም ገቡበት። ከፊያት ፋብሪካ የወጣችውን ኤክስ 1/9 ልዩ ቦታ እሰጣታለሁ። በ1972 ጀመረች፣ እስከ 1989 ተሠራች። የነደፋት ቤርቶኔ የሚባለው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ድርጅት ሰው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው። ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነው ያለው። ክዳኗ ይነቀልና ፊት ያለው ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ጠፍ ብሎ ይገባል። ከሥሩ ሻንጣ ማስቀመጫ ቦታ ይተርፋል። ውድ መኪና አልነበረችም። ግን ስለ ክዳኑ ማስቀመጫ ከብዙ ውድ መኪኖች ይበልጥ የታሰበላት ናት።

የማስቀመጫ ነገር ትንሽ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የእኛን መንገድ ውሰዱ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። መሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ክዳኑን ቤት ትታችሁ በደስታ ትወጣላችሁ። ሐረጎ አናት ስትደርሱ ጉም ይቀበላችኋል። የጦሳ ተራራ ጥቁር ብሏል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሳትደርሱ ዝናቡ ይለቀዋል። በቲአር 4 ብትሆኑ ቀጭኑን ሸራ ለመወጠር መንገድ ዳር ቆማችሁ ትታገላላችሁ። በኤክስ 1/9 ብትሆኑ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ ክዳኑን አውጥታችሁ፣ ሰክታችሁ፣ ቆልፋችሁ ጉዞ ነው። ፖርሼ 914ም ክዳኗን ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ትይዛለች። ፌራሪ የሠራት ዲኖ 246 ጂቲኤስ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ታስገባዋለች።

ውሃ

ስለ እነዚህ መኪኖች ባለቤቶቻቸውን ብትጠይቁ የመጀመሪያው ቅሬታ ስለ ውሃ ነው። ለምን እንደሚያስገቡ ማወቅ ደግሞ መኪናውን ማወቅ ነው።

ተራ ጣሪያ ስፌት የለውም፤ ተበይዷል። ታርጋ ክዳን ግን አራት ጠርዝ አለው። ከፊት የመስታወቱ ፍሬም ላይ ያርፋል። ከኋላ ቅስቱ ላይ። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የበሩ መስታወት ላይ፤ ያውም ፍሬም የሌለው መስታወት ላይ። ቲ ቶፕ ሲሆን ክዳኑ ሁለት ስለሆነ ጠርዙ ስምንት ይሆናል። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ጎሚኒ አለ። ጎሚኒ ደግሞ ያረጃል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል። ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ስለምትበረታ እንደ ደሴ ባለ ቦታ የበለጠ ይፈጥናል።

ጥሩ ፋብሪካ ውሃ ፈጽሞ አይገባም ብሎ አይሠራም። ይገባል ብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከጎሚኒው ሥር ጠባብ ቦይ ያደርጋል። ልክ እንደ ቤት አሸንዳ። አልፎ የገባው ውሃ በቦዩ ይሄዳል። ከዚያ ምሰሶው ውስጥ በተቀበረ ቀጭን ቱቦ ወርዶ ከመኪናው ሥር ይፈስሳል። ቱቦው በአቧራና በቅጠል ሲደፈን ውሃው የሚሄድበት ያጣል። ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከበሮቹ ሥር ወዳለው ሳጥን ይገባል። እዚያ ተኝቶ ከውስጥ ያዝገዋል።

አሁን መጀመሪያ ያልኩትን አስታውሱ። ጣሪያ የሌለውን መኪና የሚሸከመው ያ ሳጥን ነው። እሱ ሲበላ መኪናው መሐሉ ላይ ይረግባል። ሲረግብ የበሩ ክፍተት ይዛነፋል። ሲዛነፍ ክዳኑ በቦታው አይገጥምም። ሳይገጥም ሲቀር የበለጠ ውሃ ይገባል። አንድ የተደፈነ ቱቦ ነው መኪናውን የሚጨርሰው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹን የገደለው አደጋ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዕድል ገጥሟችሁ አንዱን ለማየት ብትቀርቡ ቀለሙ አያማልላችሁ። በሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉ። በበሩና በቦዲው መሐል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል መሆን አለበት። ከላይ ጠብቦ ከታች ሰፍቶ ካያችሁ መኪናው መሐሉን ሰብሯል። ክዳኑ ተነሥቶ ሳለ መኪናውን በአንድ ጥግ በክሪክ አንሥቶ በር መክፈትም ጥሩ አይደለም። የተጠመዘዘ መኪና በር አንዴ ከተከፈተ ላይዘጋ ይችላል።

ነፋሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ክዳኑ ሲነሳ አየር በፊት መስታወቱ አናት ያልፍና ከቅስቱ ጋር ተጋጭቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በተወሰነ ፍጥነት ላይ ጆሮ የሚያፍን ድብደባ ይሆናል። የጎን መስታወቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያበርደዋል።

ለምን ብርቅ ሆኑ?

መጀመሪያውኑ ጥቂት የተሠሩ አሉ። ዲኖ 246 ጂቲኤስ ከ1972 እስከ 1974 የተሠራችው 1,274 ብቻ ነው። ላምቦርጊኒ ሲልዌት በ1970ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ሲቆም የተሠራው 60 እንኳን አልሞላም ነበር። የሲልዌት ክዳንም ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ነው የሚገባው።

ሌላው ምክንያት የሚነቀል ነገር መጥፋቱ ነው። ሞተር አይረሳም። ክዳን ግን ጓሮ ተደግፎ ይቀራል፣ ይሰረቃል፣ ቤት ሲቀየር ይረሳል። ሌላ ክዳን ፈልጎ ማምጣትም መፍትሔ ላይሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ቦዲ በእጅ እየተስተካከለ ይገጠም ስለነበር የአንዱ ክዳን ሌላው ላይ በጥቂት ሚሊሜትር ይስታል። ጎሚኒ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ማለት ጭን ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ማለት ነው። ቅርጹ የተወሳሰበ ጎሚኒ ደግሞ እንደ ቡሎን የትም አይገኝም። ጥቂት ለተሠራ መኪና ማን ጎማ አቅልጦ ቅርጽ ያወጣል?

ብርቅነት ሲመጣ ማስመሰልም ይመጣል። ጣሪያው ድፍን የነበረውን ቆርጠው «በፋብሪካ ተነቃይ ነው» የሚሉ አሉ። ዲኖ ላይ ይህን ለማወቅ አንድ ምልክት አለ። ድፍን ጣሪያ ያላት 246 ጂቲ ከበሩ ኋላ ትንሽ የጎን መስታወት አላት። ጂቲኤስ ያ መስታወት የላትም፤ በቦታው ድፍን ቦዲ ሆኖ ሦስት የአየር መግቢያ ስንጥቅ ነው ያለው። ሻንሲ ቁጥሩን ማጣራት ግን ከሁሉም ይቀድማል።

እኛ አገር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ እነዚህን መኪኖች አምጥቶ መንዳት የሚታሰብ አይደለም። ለእኔ ግን ማወቁም ይበቃኛል። የሰው ልጅ ሰማይ ለማየት ብሎ አንዲት ቁራጭ ብረት ከማንሳቱ በፊት ስንት ነገር ማሰብ እንዳለበት ሳይ ደስ ይለኛል።

ልጆቹን ያን ቀን ጋሼ እንዲሁ አልሸኟቸውም። «አብሽሩ፣ ሠርጉ አይበላሽም» አሏቸው። ላዳዋን በአበባ አስጊጠው ለሚዜዎቹ እንዲያደርጉ፣ ለሙሽሮቹ ግን ከኋላው ክፍት የሆነ ፒክአፕ እንዲፈልጉ መከሯቸው። ፒክአፕ ሻንሲ አለው፤ ከኋላው ክፍት እንዲሆን ነው የተሠራው። ለደኅንነት የሚይዙት ብረትም በይደው አበጁላቸው። ባለፈው ሳምንት ያቺን ላዳ ሰኞ ገበያ አየኋት። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ ተገጥሞላት ሁለት ኬሻ ድንች ተሸክማ፣ በሮቿ በደንብ ይዘጋሉ።